ጥንቸል የምትገባው ከታች ነው፦ ስለ ዱር ጥንቸል አካልና ስለ ጓሮ አጥር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፦

የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በጓሯችሁ ወይም በተከራያችሁት ቁራሽ መሬት ላይ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ የምታለሙ ሰዎች ደጋግማችሁ ከምታነሡት ጥያቄ ተነሥቼ ነው። ማታ አጠጥቶት የተኛው የጎመን ችግኝ ጠዋት ቅጠሉ አልቆ አገዳው ብቻ ቆሞ የጠበቀው ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውም የታወቀ ነው፤ ሰውየው ወደ መደብር ሄዶ ዐይኑ ያረፈበትን አጥር ይገዛል፣ እሑድን ውሎ ይተክላል፣ ከሳምንት በኋላ ጥንቸሏን እዚያው መደቡ መካከል ቁጭ ብላ ሲያገኛት ደግሞ «አጥር ለጥንቸል አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። የእኔ አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው። አጥር ከማንኛውም ሌላ ዘዴ ይበልጥ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚያጥረው ሰው እንስሳዋ በአካሏ ምን ማድረግ እንደምትችልና ምን እንደማትችል አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ብዙዎቻችን ዝላይዋን ፈርተን ገንዘባችንን በቁመት ላይ እናፈስሳለን፤ እርሷ ግን የምትገባው ከታች ነው።

በመጀመሪያ ስለ የትኛዋ እንስሳ እንደምንነጋገር እንለይ። በዚህ አካባቢ ጓሯችንን የምትጎበኘው ምሥራቃዊቷ ኮተንቴይል ናት፤ የሳይንስ ስሟ ሲልቪላገስ ፍሎሪዳነስ ይባላል። ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ጠጉር አላት፤ ጅራቷ ከሥሩ ነጭ ነው፤ ርዝመቷ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ክብደቷ ከ1 ኪሎ ጥቂት ከሚያንስ እስከ 1.8 ኪሎ ይደርሳል። በአገራችን ደጋ፣ በባሌና በአርሲ እንዲሁም በሸዋ፣ ቀይ ቀበሮ የሚያድናትን የደጋ ጥንቸል እያየ ያደገ ሰው ይህችንም በዚያችው ዐይን ቢመለከታት አይፈረድበትም፤ ሆኖም በሥነ ሕይወት ሁለቱ በየራሳቸው ወገን የተመደቡ፣ ጠባያቸውም የተለያየ እንስሳት ናቸው። የእኛዋ ጠጉር ለብሳና ዐይኗን ገልጣ ትወለዳለች፤ አሳዳጅ ሲመጣባትም በረጃጅም እግሮቿ ሜዳውን አቋርጣ በሩጫ ታመልጣለች። ኮተንቴይል ራቁቷንና ዐይኗ ሳይገለጥ የምትወለድ ስትሆን፣ ስትሸሽም ዘዴዋ ሩቅ መሮጥ ሳይሆን ቅርብ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ዘልቆ መሰወር ነው። ይህ ልዩነት በኋላ ስለ ጓሮ አያያዝ ስናነሣ ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ።

አውሮፓዊቷ የዱር ጥንቸል ደግሞ ሦስተኛ ናት። እርሷ ከመሬት በታች እርስ በርሱ የተያያዘ ጉድጓድ ቆፍራ በማኅበር የምትኖር ሲሆን፣ ኮተንቴይል የራሷን ዋሻ አትቆፍርም፤ በሣር መካከል በገላዋ ልክ የተደለደለ ማረፊያ ይበቃታል፤ ብርዱ ሲጠና ሌሎች እንስሳት ትተውት የሄዱት ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ በአጥራችሁ ሥር ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ብታገኙ ጥርጣሬያችሁ ጥንቸል ላይ አይረፍ፤ በዚህ አገር እንዲህ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ግራውንድሆግ የሚሉት ወፍራም እንስሳ ነው፤ እርሱ መቆፈር ብቻ ሳይሆን አጥር መውጣትም ስለሚችል ዛሬ የምናየው አጥር አይመልሰውም።

ወደ አካሏ እንምጣ። የጥንቸል አጥንት እጅግ ቀላል ነው፤ በለማዳ ጥንቸሎች ላይ እንደሚታወቀው፣ የአጥንቷ ክብደት ከመላ ሰውነቷ ከመቶ ስምንት እጅ እንኳ የማይሞላ ሲሆን የድመት ግን ከመቶ 12 በላይ ነው። በዚህ ቀላል አጥንት ላይ የተገነባው ጡንቻ በአብዛኛው የተከማቸው በወገቧና በኋላ እግሮቿ ላይ ነው። የኋላ እግሯ ኃይል ከአጥንቷ ጥንካሬ ጋር ስለማይመጣጠን፣ ጥንቸልን ያለ ጥንቃቄ ጨብጦ የያዘ ሰው እንስሳዋ በመፈራገጥ ብቻ የራሷን አከርካሪ እስከ መስበር ስትደርስ ሊያይ ይችላል። ኮተንቴይል እግሬ አውጪኝ ብላ ስትሮጥ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ትደርሳለች፤ የምትሮጠውም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘች ስለሆነ፣ ከእርሷ የሚፈጥን ውሻ እንኳ ለመዞር ፍጥነቱን ሲቀንስ ታመልጠዋለች።

አሁን ሁላችሁ የምትጠይቁት የዝላይ ጉዳይ አለ። አንዲት እናት ቀደም ሲል «ልጄ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል የምትለኝ እንዴት ነው? እኔ እኮ ሰው በሚያህል አጥር ላይ ስትዘል አይቻለሁ ብዬ እምላለሁ» ብለውኛል። የእማማ ጥያቄ መሠረት የሌለው አይደለም። በስዊድን በ1970ዎቹ የተጀመረ፣ ለማዳ ጥንቸሎችን እንደ ፈረስ መሰናክል የማዘለል ውድድር አለ፤ በዚያው አገር በ2019 አንዲት ጥንቸል 107 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ዘልላ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግባለች (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እንግዲህ አካሉ ይህን ከቻለ፣ የአሜሪካ የግብርና ባለሙያዎች ለኮተንቴይል 60 ሴንቲ ሜትር የሽቦ መረብ ይበቃል የሚሉት ለምንድን ነው?

መልሱ መቻልና ማድረግ የተለያዩ በመሆናቸው ላይ ነው። የስዊድኗ ጥንቸል ለብዙ ጊዜ የሠለጠነች፣ መሰናክሉን ፊት ለፊት እያየች፣ ከበስተኋላዋ ባለቤቷ እያበረታታት የምትዘል ናት። የዱሯ ጥንቸል ግን ምግብ ፍለጋ ስትዘዋወር ከፍ ያለ ነገር ስትዘል አትታይም። ዝላይዋ የመሸሻ ነው፤ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ፊት የሚዘረጋ ነው፤ ማረፊያዋ በማይታያት ቦታ ላይ ዘልላ መውደቅም ሕይወቷን ሊያስከፍላት ይችላል። ለመብላት ስትመጣ አፍንጫዋን ወደ መሬት አድርጋ የአጥሩን ግርጌ እየተከተለች ትሄዳለች፤ የላላ ሽቦ፣ መሬቱ ጎድጎድ ያለበት ቦታ፣ በበሩና በመቃኑ መካከል የቀረ ክፍተት ትፈልጋለች፤ ካገኘች ትገባለች፣ ካላገኘች ወደ ጎረቤት ጓሮ ታልፋለች። ለአውሮፓዊቷ ጥንቸል በብሪታንያ የሚመከረው ቁመት 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እዚያም ቢሆን ከቁመቱ እኩል የሚያስጨንቀው የታችኛው ክፍል ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው ነው።

ጥንቸል በጠባብ ቀዳዳ ስታልፍ ያላየ ሰው ለማመን ይቸገራል። ጠጉሯ ሰውነቷን አግዝፎ ያሳያል እንጂ ከጠጉሩ ሥር ያለው ገላ ቀጭን ነው፤ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው ሰውነቷ ይከተላል። ይልቁንም ከጎጆዋ የወጣች የሦስት ሳምንት ግልገል 5 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ባለው የጌጥ አጥር መካከል እንደ ልቧ ትመላለሳለች። ብዙ ሰው «አጥሬ ላይ ምንም አልተሰበረም፣ ታዲያ በየት ገባች?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በተሰበረ ቦታ ሳይሆን አጥሩ ራሱ በፈቀደላት ቀዳዳ ነው የገባችው። የመረቡ ቀዳዳ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም የምንለው ለዚህ ነው።

ከዚህ በመቀጠል ጥርሷ አለ። ጥንቸል ከላይ አራት፣ ከታች ሁለት የፊት ጥርሶች አሏት፤ ከላይኞቹ ሁለቱ ትናንሽ ሆነው ከትላልቆቹ በስተጀርባ የተደበቁ ናቸው። እነዚህ ጥርሶች ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ፤ ስለዚህ ያለማቋረጥ ማኘክና መሳል ይኖርባታል። ለእኛ ጥቅም ያለው ግን የአቆራረጧ ምልክት ነው። ጥንቸል የበላችው አገዳ በስለት የተቆረጠ ይመስላል፤ ቁርጡም ንጹሕና 45 ዲግሪ ገደማ ያጋደለ ነው። አጋዘን የላይኛው የፊት ጥርስ ስለሌለው ቅጠሉን ይዞ ይጎትታል፤ የተወውም ጫፍ የተቀደደና የተበጣጠሰ ይሆናል። በተጨማሪም ጥንቸል በነበረችበት ቦታ አተር የሚያክሉ ድብልብል ፍግ ተበትነው ታገኛላችሁ። አጥር ከመግዛታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ የአንዱን ችግኝ ቁርጥ ማየት ብዙ ወጪ ያድናል፤ ምክንያቱም አጋዘን በ60 ሴንቲ ሜትር አጥር ላይ ተራምዶ ያልፋል።

ስለ ስሜት ሕዋሳቷ በአጭሩ ልናገር። ዐይኖቿ ከጭንቅላቷ ግራና ቀኝ በመሆናቸው አንገቷን ሳታዞር ዙሪያዋን በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ታያለች፤ የማታየው በአፍንጫዋ ፊት ያለችውን ትንሽ ቦታ ነው፤ ምግቧን የምትለየው በከንፈሯ፣ በጢሟና በማሽተት ነው። ከኋላዋ ደርሶ ማስደንገጥ የማይሞከር ነገር ነው፤ ሆኖም ተደጋግሞ ያልጎዳትን ነገር ቶሎ ትለምዳለች፤ የፕላስቲክ ጉጉት ጓሮው ውስጥ ያቆመ ወዳጄ በሁለተኛው ሳምንት ጥንቸሏን ከጉጉቱ ጥላ ሥር ተኝታ አግኝቷታል።

ሰው ስለ አጥር ተስፋ ሲቆርጥ የአውስትራሊያን ታሪክ እንደ ማስረጃ ሲጠቅስ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ያው ታሪክ የሚያስረዳው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለ ርስት በ1859 በቪክቶሪያ ግዛት ባርዎን ፓርክ በተባለው ይዞታው ለአደን መዝናኛ እንዲሆኑት ከእንግሊዝ ያስመጣቸውን ጥንቸሎች ለቀቀ፤ እነርሱም በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ አህጉሩን አጥለቀለቁት። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ከ1901 እስከ 1907 ድረስ ባሉት ዓመታት በድምሩ 3,256 ኪሎ ሜትር የሚሆኑ ሦስት አጥሮችን አሠራ፤ የመጀመሪያው ብቻ 1,833 ኪሎ ሜትር ነበር። ነገር ግን ሥራው ሳያልቅ፣ በ1902፣ ጥንቸሎች ከአጥሩ መስመር በስተምዕራብ ታዩ። አጥሩ ከመቆሙ በፊት አልፈው ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ንፋስና ጎርፍ ሥሩን እየሸረሸሩ ክፍተት ፈጠሩ፤ መንገደኛም በሩን ከፍቶ ይሄድ ነበር። ልብ በሉ፤ ችግሩ ዘግይቶ መጀመር፣ የሥሩ መሸርሸርና የበሩ ክፍት መሆን እንጂ የቁመቱ ማነስ አልነበረም። ያንን ያህል መሬት መጠበቅ ለማንም ይከብዳል፤ 12 ካሬ ሜትር የሆነ የጎመን መደብን ግን አንድ ሰው ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዙሪያውን ተመልክቶ ሊጨርስ ይችላል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። 3 በ4 ሜትር የሆነ መደብ አለ እንበል፤ ዙሪያው 14 ሜትር ነው። በዚህ አገር መደብሮች ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ የሆነው የዶሮ ሽቦ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት ባለው ጥቅል ይሸጣል፤ ስለዚህ አንዱ ጥቅል መደቡን ዞሮ፣ ጫፍና ጫፉን ለማደራረብ 1 ሜትር ያህል ይተርፋል። ከ90ው ሴንቲ ሜትር 60ው ወደ ላይ ይቆማል። የቀረውን 30 ግን መሬት ላይ ወደ ውጭ አጥፋችሁ እንደ ምንጣፍ ታነጥፉታላችሁ፤ ወደ ውስጥ አይደለም፤ ይህን ደጋግሜ የምናገረው በተቃራኒው የተሠራ አጥር ብዙ ጊዜ ስለማይ ነው። ጥንቸሏ መጫር የምትጀምረው አጥሩ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ቆማ ነው፤ ስትጭር ከእግሯ ሥር ሽቦ ታገኛለች፤ ከዚያም 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሳ ከምንጣፉ ጠርዝ ውጭ ልጀምር የሚል ሐሳብ የላትም። የተነጠፈውን ሽቦ ሁለት እግር ባላቸው የሽቦ ችካሎች በየ30 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ላይ ውጉት፤ ሣሩ በወር ከምናምን ጊዜ ውስጥ በቀዳዳዎቹ በቅሎ ከመሬቱ ጋር ይሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ሣር ማጨጃው ራሱ በላዩ ላይ ሊያልፍ ይችላል። ቦዩን መቆፈር የሚመርጥ ሰው 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ቀብሮ የቀረውን 15 ከሥር ወደ ውጭ ሊያጥፈው ይችላል፤ ሥራው ይበዛል፣ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

ምሰሶዎቹ ከ2 ሜትር በላይ ባይራራቁ ይመረጣል። ሽቦው ከላይ ቢላላ አያሳስብም፤ ከታች ሲላላ ግን ጥንቸሏ በአፍንጫዋ ገፍታ ታነሣዋለች። መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ሽቦውን ከመዘርጋታችሁ በፊት ጉድጓድ ጉድጓዱን በአፈር ሙሉት።

በሩ የዚህ ሁሉ ድካም መፈተኛ ነው። ትንሽ መደብ ከሆነ እኔ የምመክረው በር አለመሥራትን ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ማንም ጤነኛ ሰው ተራምዶ ያልፈዋል። ጉልበታቸው ለሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች ግን በር ያስፈልጋል፤ እንዲህ ሲሆን በበሩ ሥር መሬት ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሳንቃ ቅበሩ፤ በበሩና በሳንቃው መካከል የሚቀረው ክፍተትም ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። የኪራይ መሬት ላይ የምታለሙና በማኅበር በሚተዳደር መንደር ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ስለ አጥር ዓይነትና ቁመት የወጣ ደንብ ካለ ሽቦውን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ክረምት የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለምለም ነገር ሲጠፋ ጥንቸል ወደ ዛፍ ልጣጭ ትዞራለች። ልጣጭ እንዴት ይመግባታል ለሚል፣ ምግቧን ሁለት ጊዜ ስለምትፈጨው ነው፤ በዕውር አንጀቷ የተብላላውን ለስላሳ ፍግ ወዲያው እንደ ወጣ መልሳ ትበላዋለች፤ በዚህም ብዙ እንስሳት የማይጠቀሙበትን ምግብ አሟጥጣ ትጠቀማለች። የወጣት ፖም ወይም የኮክ ዛፍ ልጣጭ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ይሞታል። በእያንዳንዱ ግንድ ዙሪያ ጠንካራና ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የሽቦ መረብ እንደ ቱቦ አድርጋችሁ፣ ግንዱን ሳይነካ አቁሙ። ቁመቱ ግን ከመሬት ሳይሆን ይወርዳል ተብሎ ከሚጠበቀው በረዶ በላይ 45 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይለካል፤ በረዶው ሲጠጥር ጥንቸሏ በላዩ ቆማ ትበላለችና። በዚያ ወቅት 60 ሴንቲ ሜትር የነበረው የጎመን አጥርም የ30 አጥር ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልሁትን ነገር አሁን ላንሣ። ኮተንቴይል ኑሮዋ በመሸሸጊያ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ በመደቡ አቅራቢያ የተከመረ ቅርንጫፍ፣ ያልታጨደ ሣር፣ ወይም ከመጋዘኑ ወለል ሥር የቀረ ክፍተት ካለ፣ ጓሮው ለእርሷ የተመቸ ነው። ይህን ማጽዳት ብቻውን አያስቀራትም፤ ነገር ግን ሜዳውን አቋርጣ ለመምጣት ትፈራለች። ከምግብም ምርጫ አላት፤ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ባቄላ፣ አተርና የካሮት ቅጠል ቀዳሚዎቿ ናቸው፤ ድንች፣ ቲማቲም፣ በቆሎና ዱባን እምብዛም አትነካም። አጥሩ የማይበቃችሁ ከሆነ ጎመኑን ከአጥሩ ውስጥ፣ ድንቹን ከውጭ አድርጉት።

ስለሚረጩና ስለሚነሰነሱ ነገሮች ብዙ አልናገርም። ሚጥሚጣ መነስነስ ለጥቂት ቀናት ሊሠራ ይችላል፤ ማቃጠሉን አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ይሰማቸዋልና። ዝናብ ወይም ጠል ሲመጣ ግን ታጥቦ ይሄዳል፤ ንፋስ ሲነፍስም ወደ ነስናሹ ዐይን ይመለሳል። በሱቅ የሚሸጡት ፈሳሾች ብዙዎቹ ለጌጥ ተክል እንጂ ለሚበላ ቅጠል የተፈቀዱ ስላልሆኑ መለያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

በመጨረሻ ስለ ጎጆ። ኮተንቴይል በዚህ አካባቢ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ትወልዳለች፤ እርግዝናዋ 28 ቀን ገደማ ሲሆን በአንድ ጊዜ አራት አምስት ግልገሎች ታገኛለች፤ በዓመትም ደጋግማ ትወልዳለች። ጎጆዋ ሣር ላይ የተጫረ፣ ከደረቷ በነጨችው ጠጉር የተሸፈነ ትንሽ ጎድጓዳ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚገኘው ጓሮ መካከል ነው። አጥር ከመዝጋታችሁ በፊት መደቡን በእጃችሁ ዳብሱ፤ እናቲቱን በውጭ፣ ግልገሎቹን በውስጥ አድርጎ የዘጋ ሰው ጥንቸል አርቢ ሆነ ማለት ነው። ጎጆ ብታገኙ እናቲቱ ጥላቸው ሄዳለች ብላችሁ አታንሷቸው፤ ንጋትና ምሽት ላይ ለደቂቃዎች ብቻ መጥታ አጥብታ ትሄዳለች። ሦስት ሳምንት ያህል ብትታገሡ ራሳቸው ይወጣሉ። አጥምዶ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅንም ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህ በቨርጂኒያ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ዕወቁ። የሞተች ጥንቸል ስታነሡ ደግሞ ቱላሪሚያ የተባለ በሽታ ወደ ሰው ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ ያለ ጓንት አትንኩ።

የጎመን ችግኝ ወደ ውጭ የሚወጣው በማርች መጨረሻ ስለሆነ ሽቦው ከዚያ በፊት ተተክሎ መጠናቀቅ አለበት። ከአዳራሹ በስተጀርባ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ አራት ምሰሶና የሽቦ መቁረጫ አዘጋጅተናል፤ ጥያቄ ያላችሁ እዚያው እያሳየሁ ልመልስላችሁ፤ ሽቦው ስለሚወጋ ጓንት የያዛችሁ ቀድማችሁ ኑ።